ከንቲባውን ማን ሰረዘው

የምርጫው እሑድ ጠዋት ሰራፊን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፤ ምድጃው ላይ የተጣደውን የዓሣ ሾርባ ታማስላለች፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ባሕሩን ታያለች። ባሕሩ ደግሞ የመጋቢት ባሕር ነው፤ ከጭጋግ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ባሏ ኦዲሎን ገና ሳይነጋ ነው ማዘጋጃ ቤት የሄደው። ወንበር የሚደረድረው እሱ፣ የድምፅ ሳጥኑን ቁልፍ በኪሱ የሚይዘው እሱ፣ ምርጫውን የሚመራው እሱ፤ ለምርጫ የቀረበውም እሱው። በዚያች ደሴት ይህ ማንንም አይገርምም። ከንቲባ ነው፤ ደግሞስ ሌላ ሰው ከየት ይምጣ?

አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያው ምርጫ ሰራፊን ኮርታለች፤ መካድ አይቻልም። በሁለተኛው ትንሽ አጉረመረመች። በሦስተኛው «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ማለላት፤ እሷም አመነችው፤ ሚስት አይደለች? ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ትልቋ ደሴት ላይ ያለው ሐኪም ደረቱን አዳመጠና «ልብህ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሥራ ቀንስ» አለው። የሐኪሙ ምክር በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። በረዶ በጣለ ቁጥር መጥረጊያውን መኪና እየነዳ የሚወጣው እሱ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውም እሱ። ያጋባል፣ ይቀብራል፣ በአጥር የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ማንኪያውን አንስቶ አፉ ሳያደርስ በሩ ይንኳኳል። ሰራፊን አንድ ቀን በረዶ ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ ብላ ትፈራለች። ይህ ሳይሆን በፊት ባሏን ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ማውጣት ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ምኞት የላትም።

እሱ ግን ዘንድሮም ገባበት። የምክር ቤቱ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ቤቷ መጡ፣ ወይኗን ጠጡ፣ ከዚያ «አንተ ካልሆንክ ከአስተዳዳሪው ጋር ማን ይጨቃጨቅልናል?» አሉት። አስተዳዳሪው ከፓሪስ የሚላክ ሰው ነው፤ ትልቋ ደሴት ላይ ይቀመጣል፤ አገሩን መልመድ ሲጀምር ይቀይሩታል። አዲስ በመጣ ቁጥር፣ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ እንደማይሄድ፣ ጀልባ ካልሄደ ደግሞ ዱቄት እንደማይመጣ ከሀ ጀምሮ የሚያስተምረው ኦዲሎን ነው። «የአሁኑማ ገና ጃንጥላ ይዞ ነው የሚዞረው» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ አለቀ። ሰራፊንን አስተያየት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብርጭቆዎቹን ግን እሷ አጠበች።

የመንደሩ ምርጫ እንዲህ ነው። የከንቲባውና የምክር ቤቱ ሰዎች አሥራ አምስት ስም የታተመበት ወረቀት ይሰጡሃል። ከመጋረጃው ጀርባ ትገባና ያልፈለግኸውን ስም በእስክሪብቶ ትሰርዛለህ፤ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተህ ሳጥኑ ውስጥ ትጥላለህ። ከመራጩ ከግማሽ በላይ ሳይሰርዘው ያለፈ ሰው ተመረጠ ይባላል። ዘንድሮ የቀረበው አንድ ዝርዝር ብቻ ስለሆነ የሚመረጥ ነገር የለም፤ የቀረው መሰረዝ ነው። ሕዝቡም ቢሆን የሚወደው መሰረዙን ነው። በሩ ላይ ያለው ቦይ ያልተጠረገለት ሰው ከንቲባውን አንድ ጭረት ያቀምሰዋል፤ ውሻው የታሰረበትም እንደዚሁ። ክፋት የለውም፤ «እኛንም አትርሳ» ለማለት ያህል ነው። ማታ ሲቆጠር ኦዲሎን ራሱ «ይቺ የቲቡርስ ናት፤ ስለ ውሻው ነው» እያለ ይገምታል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ይመረጣል።

ረፋዱ ላይ ሰራፊን ካፖርቷን ደርባ ወጣች። መንገድ ላይ ከጎረቤቷ ከክሎቲልድ ጋር ተገናኙ። ክሎቲልድ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት።

«ዛሬ ባልሽን አንድ ጭረት አቅምሼልሻለሁ» አለቻት፤ የምታወራው ከሚስቱ ጋር መሆኑ ምንም አልመሰላትም።

«ምን አደረገሽ ደግሞ?»

«ደጄ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከገና ጀምሮ ጠፍቷል። ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ!»

«አምፖል ከሆነ እኔ እሰጥሽ አልነበር?»

«አንቺ ከንቲባ ነሽ? የመንግሥት መብራት ነው፤ መንግሥት ያብራው።» ከዚያ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። «አትስጊ አንቺ ደግሞ። የኔ አንዲት ጭረት ምን ልታመጣ ነው?»

ሰራፊን ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ልትሰርዘው አስባ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ምንም አላሰበችም። ወረቀቱን ስትዘረጋ ግን ከሁሉም በላይ «ኦዲሎን ኤቼቫርን» የሚለው ስም አፈጠጠባት፤ ቤቷ ውስጥ የጎደለው ሰው እዚህ ወረቀት ላይ ተገኘ። እስክሪብቶውን አነሳችና ሰረዘችው። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ነው ተጭና የሰረዘችው። ለአፍታ ያህል ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጋለ።

ስትወጣ ኦዲሎን ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል። «ሾርባዬን እንዳታሳርሪው» አላት ዝቅ ብሎ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ኤርማንስ፣ ለሁሉም እንደምታደርገው፣ ፖስታው ሲገባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መርጣለች!» አለች። ሰራፊን ግን «ከድታለች» ያለች መስሎ ተሰማት፤ ቀና ሳትል ወጣች።

ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈችው እግዜር ይወቅ። የታጠበ ሰሃን መልሳ አጠበች። ዶሮዎቹን ሁለቴ አበላች፤ ዶሮዎቹ ቅር አላላቸውም። አንዲት ጭረት ናት እያለች ራሷን አጽናናች፤ እሱ ማታ ተመርጦ ይመጣል፣ እኔም እንደ ልማዴ እናደዳለሁ፣ ስድስት ዓመት ደግሞ ይቀጥላል። ይህን ስታስብ መልሳ ትናደዳለች። አንዴ ትጸጸታለች፣ አንዴ ደግሞ ሌላ ወረቀት ቢሰጧት በዚያም ላይ ትሰርዘው ነበር።

ሲመሽ ለቆጠራው መንደሩ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሹራብ የምትሠራው ሹራቧን፣ ሕፃን ያላት ሕፃኗን ይዛ መጥታለች። ኤርማንስ ወረቀቱን እየዘረጋች ማን እንደተሰረዘ ታነባለች።

«ከንቲባው ተሰርዟል።»

ሳቅ ሆነ። «ስለ ውሻው ነው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ዓሣ አጥማጁ ቲቡርስ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

«ከንቲባው ተሰርዟል። ከንቲባው ተሰርዟል። ይኼኛው ንጹሕ ነው። ከንቲባው ተሰርዟል።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታውም ጠፋ። ሹራብ ሠሪዎቹ መርፌያቸውን አቆሙ። የኤርማንስ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር፤ እያንዳንዱ ልቡ ውስጥ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንዴ፣ አንተም? ለካ ሁሉም «የኔ አንዲት ጭረት ምን ልታመጣ ነው» ብሎ ነው የገባው። ሌላው ይመርጠዋል ብሎ ሁሉም ሰረዘው።

ውጤቱን ማንበብ የምርጫው መሪ ሥራ ነው። ኦዲሎን መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ አነበበ። አሥራ አራቱ ተመርጠዋል፤ አንደኛው ከግማሽ በታች ነው። «ኦዲሎን ኤቼቫርን፣ አልተመረጠም» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ለቀረው አንድ ቦታ በሚቀጥለው እሑድ ድጋሚ ምርጫ ይደረጋል።» ፈረመ። ከዚያ እንደ ወትሮው ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመረ። ወንበር እናግዝህ ብሎ የሚጠጋው ሰው ጠፋ፤ ሁሉም አፍሯል። ሰራፊን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ክው ብላ ቀረች።

በማግሥቱ በሩ ሲንኳኳ ዋለ። ኦዲሎን ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቅስሙ ተሰብሯል፤ ሰው ሲያየው ያስታውቃል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ኬክ፣ አንዱ የደረቀ ዓሣ። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው።

ቲቡርስ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ገባ። «ስማኝ፣ ከንቲባ፤ እኔ የሰረዝኩህ ስለ ውሻው ብቻ ነው። ሁልጊዜም እሰርዝህ የለ? ውሻው ደግሞ ደህና ነው፤ ተፈታ።»

«አውቃለሁ፣ ቲቡርስ።»

«ባውቅ ኖሮማ እጄን እቆርጠው ነበር።»

«እጅህን ተወው፤ መረብህን ማን ይጎትትልሃል?»

ዳቦ ጋጋሪው አናቶል መጣና ከዳቦ ቤቱ ፊት የተከመረው በረዶ ሳይጠረግ ማርፈዱን ጠቅሶ ይቅርታ ጠየቀ። ክሎቲልድ መጣች፤ ገና በሩ ላይ ነው ማልቀስ የጀመረችው። «ይጥፋ መብራቱ! ጨለማውን ለምጄዋለሁ!» ትላለች። ሁሉም እየተነሱ ሲሄዱ «እሑድ እንክስሃለን» ይላሉ። ሰራፊን ለእያንዳንዱ ቡና ትቀዳለች፣ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» ትላለች። እነዚህ ሁሉ ተናዝዘው ቀለል ብሏቸው ይወጣሉ። ከልቧ የሰረዘችው እሷ ብቻ ናት፤ መናዘዝ ያቃታትም እሷ ብቻ።

የተመኘችውንም አገኘች ማለት ነው። ይኸው ባሏ ቤት ነው። ምሳ ላይ ሾርባውን እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር ጠጣ፤ ግን ምን እንደጠጣ ያወቀ አይመስልም። ረቡዕ ዕለት ማንኪያውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት።

«የምክር ቤቱ ሰዎች ስሜን ብቻ የያዘ ወረቀት ሊያሳትሙ ነው። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳቸውም» አላት። «እኔ የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ያልሰረዝሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ግባ ካልሽኝ እገባለሁ።»

ሰራፊን ዳቦውን መቁረጥ አቆመች። ዝም ማለት ትችል ነበር። «ተው፣ ይቅርብህ» ብትለው ብቻ ጉዳዩ ያበቃል፤ የፈለገችውንም ታገኛለች፣ ሳይነቃባትም ትቀራለች። ግን እንዲህ ዓይን ዓይኗን እያየ እንዴት ትዋሸው?

«ሰርዤሃለሁ» አለችው።

አልገባውም። «ምን አልሽ?»

«እኔም ሰርዤሃለሁ። እነሱ ሲቀልዱ ነው። እኔ ግን ከልቤ ነው።»

ኦዲሎን ሰሃኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በር እያንኳኳ የመጣውን ሁሉ በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ስለ የትኛው ቦይ?» ብሎ ጠየቃት። ሊቀልድ ነው የፈለገው፤ ቀልድ ግን አልሆነለትም።

«ስላንተ ነዋ! ስለ ምን ይሆናል?» አለች ሰራፊን፤ አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም። «ከሐኪም ቤት ስንመለስ ጀልባው ላይ ምን አልከኝ? እተዋለሁ አላልክም? በነጋታው በረዶ ስትጠርግ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነው ያረፈድኩት። መኪናው ድምፁን ባጠፋ ቁጥር ሞተ እላለሁ። ሌላው ሰው ቦይ አለው፣ ውሻ አለው፣ መብራት አለው፤ ለእነዚያ ሁሉ ትሮጣለህ። እኔ ያለኸኝ አንተ ነህ። ለመሆኑ በነዚህ ሁሉ ምርጫዎች አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ የኔን ድምፅ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ኦዲሎን የዳቦውን ፍርፋሪ በእጁ ሰበሰበ። ተነሳ፣ ሰሃኑን ራሱ አጠበ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ምርጫው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተቆጥቷል እንዳይባል ማገዶ ይፈልጥላታል፤ ታርቋል እንዳይባል ዓይኗን አያይም። ሰራፊን በዚህ ዝምታ ልታብድ ደረሰች። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ምነው አፌን በዘጋሁት ትላለች፤ ደግሞ ወዲያው፣ ደግ አደረግሁ፣ ስንት ዓመት ልቻል ትላለች። ሌሊት ደረቱ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች፤ እሱም እንቅልፍ እንዳልወሰደው ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ አየችው። ጫማውን ቀለም ቀባ፤ ጢሙን ተላጨ። ያኔ ቁርጡ ገባት። ሰውየው ሊገባ ነው፤ ፈልጎታል። ያለዚያ ማዘጋጃ ቤት መኖር አይችልም፤ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ፊቱ አመድ መስሏል። በረዶ ላይ ከሚሞት ቤቱ ወንበር ላይ ቢሞት ይሻላል ያለው ማነው? እሷ ናት። ማን ጠየቃት? እንዳየችው ከሆነ የቤቱ ወንበርም እየገደለው ነው። ማታውን አሰበች፣ አሰበች፤ ሆዷ ባባ፣ ተሸነፈች።

እሑድ ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ቢሆንም ከአልጋ መነሳት የሚችል ሰው ሁሉ መጣ። አሮጊቶችን በበረዶ መጥረጊያው መኪና ጭነው አመጧቸው። መንደሩ ጥፋቱን ሊክስ ቆርጧል። ሰራፊን ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። እስክሪብቶው እዚያው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ አልነካችውም። ወረቀቱን ንጹሑን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተች፤ እንባዋ እንዳይታይ መጋረጃው ውስጥ ትንሽ ቆየት ብላ ወጣች። ኦዲሎን ከሳጥኑ አጠገብ ሆኖ አያት፤ ዛሬ ስለ ሾርባ አላነሳም።

ማታ ኤርማንስ ማንበብ ስትጀምር አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም።

«ንጹሕ። ንጹሕ። ንጹሕ።»

ሰዉ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። ቲቡርስ ሊያጨበጭብ ሲል ክሎቲልድ በክርኗ መታችው። ወረቀቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ኤርማንስ አንዱን ዘረጋችና ደጋግማ አየችው።

«ምንድን ነው?» አለ አናቶል።

«ተሰርዟል» አለች፤ ያፈረችው እሷ ትመስላለች።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ማነው እሱ?» «ዛሬም?» «ይሄ ሰው አይደለም!» ቲቡርስ በውሻው ምሎ ተገዘተ፤ ክሎቲልድ በባሏ መቃብር ማለች። የቀረው ወረቀት ሁሉ ንጹሕ ሆነ። ኦዲሎን መነጽሩን አደረገና ውጤቱን አነበበ፤ መመረጡን በዚያው ባለፈው እሑድ ድምፅ ተናገረ። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ አለቀሰ። እሱ እጁን ለሁሉም ሰጠ፣ ፈረመ፣ ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመረ፤ ዛሬ ግን ብዙ እጅ ተረባረበለት።

ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ሁለቱም አጎንብሰዋል። ሰራፊን ልቧ አላረፈም። እሷ መስላው እንደሆነስ? ሌባ ሳትሆን የተጠረጠረች ያህል ተጨነቀች።

«እኔ አይደለሁም» አለችው በመጨረሻ። «ያቺ ጭረት የኔ አይደለችም። ልታምነኝ ትችላለህ፣ አላመንከኝም እንደሆነ ደግሞ የራስህ ጉዳይ።»

«አውቃለሁ» አለ ኦዲሎን። «ሁለት ነበር የጠበቅሁት።»

«የምን ሁለት?»

«ጭረት። የኔንና ያንቺን።»

ቆመች። እሱም ቆመ።

«ሸሚዝህን ስትተኩስ አየሁህ እኮ።»

«ለስንብት ነው ብዬ ነዋ። ሰው ለስንብቱ ቆሽሾ ይሄዳል?» ነፋሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ በእጅጌው ጠረገው። «አንዷ ብቻ ስትገኝ ደነገጥኩ። እንደመረጥሽኝ ያኔ ገባኝ። ነገ ጀልባ ካለ ትልቋ ደሴት እሄድና መልቀቂያዬን ለአስተዳዳሪው እሰጠዋለሁ። ጃንጥላውን ይዞ ይቀበለኝ።»

«ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው፣ ኦዲሎን። በኋላ ሆድህ ውስጥ ይዘህብኝ እንዳትኖር። መርጬሃለሁ፤ ድምፄን ሰጥቼሃለሁ።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም።» መንገዱን አየ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ዞሮ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ደክሞኛል፣ ሰራፊን» አለ።

ከተጋቡ ጀምሮ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ሐኪሙ ፊት እንኳ ደህና ነኝ እያለ ነው የወጣው። አሁን ግን መንገድ መሃል፣ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቆሞ ደክሞኛል አለ። ሰራፊን ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ኦዲሎን ክንዷን ያዘ። ሊያባብላት መስሏት ነበር። ክብደቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ግን የተደገፈው እሱ መሆኑን አወቀች። እግሯን አጽንታ ያዘችው፤ ቀስ እያሉ ሄዱ።